የአሮጊቷ ፍሬን

ሱዳን አገር፣ ገዳሪፍ፣ ሥራ በጀመርሁበት ቀን የመጀመሪያው ደንበኛ ሻይ አዘዘኝ።

ወርሻው ከእህል ገበያው ጀርባ ነበር። እዚያ አገር ጋራዥን ወርሻ ይሉታል። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ በሩ ላይ አንድ የኒም ዛፍ። የተቀጠርሁት የሞተር ብስክሌት ዕቃ በነጭ ጋዝ እንዳጥብ ነው። ከዛፉ ሥር በግማሽ የተቆረጠ በርሜል አስቀምጬ እጅጌዬን ጠቅልዬ ቆሜ ሳለሁ አንድ ነጭ ጀለቢያ የለበሰ ሰው ሞተሩን አቁሞ ወደ እኔ ዞረና "ሻይ ሳዳ" አለኝ። ያኔ የማውቀው ዐረብኛ ከአሥር ቃል አይበልጥም፤ "ሻይ" ግን ከአሥሩ አንዱ ነበር። የአሠሪዬ እንግዳ መስሎኝ ከማዶ ካለችው ሻይ ሻጭ ዘንድ ሮጬ አመጣሁለት። ሰውየው ጠጣ፣ አመሰገነኝ፣ ብርጭቆውን እጄ ላይ ትቶ ገባ። ዞር ስል ዋናው ሜካኒክ ሆዱን ይዞ ይስቃል።

"ኡስታ፣ አጣቢ ነው የቀጠሩት ወይስ ሲት ሻይ?" አለው አሠሪያችንን።

ሲት ሻይ የሚባሉት በየመንገዱ ሻይ የሚያፈሉ ሴቶች ናቸው። ሥራቸው የሚከበር ሥራ ነው፤ የእኔ ሥራ ግን አልነበረም። ስሙ ሁለት ዓመት ተከተለኝ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ከመተማ ለምን እንደ ወጣሁ፣ ከማን ጋር እንደ ወጣሁ እዚህ አልጽፍም። ይህ ጽሑፍ ስለ ሥራ ነው። ለሥራው የሚያስፈልገው ይህን ያህል ነው፦ አባቴ የእህል ወፍጮ ነበረው፤ ወፍጮውን የሚያዞረውን ሞተር ከልጅነቴ ጀምሮ እኔ ነበርሁ የማስነሣው። ቀበቶ እቀይራለሁ፣ ዘይት እለውጣለሁ፣ ድምፁን ሰምቼ ምን እንደ ጎደለው አውቃለሁ። ይህን ለወርሻው ባለቤት ነግሬው ነበር። ሰማኝና በርሜሉን አሳየኝ።

ባለቤቱ ኡስታ ኢድሪስ የሚባል የገዳሪፍ ሰው ነው። ኡስታ ማለት የእጅ ሥራ አለቃ ማለት ነው። ከእሱ በታች ዋናው ሜካኒክ የጎንደሩ ታደለ፣ ከታደለ በታች ሁለት ሱዳናውያን ሜካኒኮች፣ ከእነሱም በታች እኔና በርሜሉ። ታደለ በዕድሜ ስለሚበልጠኝ "ጋሽ ታደለ" እለው ነበር። አሁን ለምን እንዲህ እንደማልለው ከዚህ በታች ይነበባል።

ዕቃ ማጠብ የተናቀ ሥራ ነው፤ ከእሱ የበለጠ የሚያስተምር ሥራ ግን አላየሁም። ሌሎቹ ሞተሩን ከውጭ ያያሉ፤ እኔ እያንዳንዱን ዳዶና ቡሎን በጣቴ ዳብሳለሁ። የትኛው እንደ ተበላ፣ የትኛው ያለ ቦታው እንደ ገባ፣ ማን በመዶሻ እንደ መታው ሁሉ በርሜሉ ውስጥ ይታያል። በመዶሻ የሚመታው ታደለ ነበር። በስድስት ወር ውስጥ እያንዳንዱ ዕቃ በማን እጅ እንዳለፈ መናገር እችል ነበር። አልተናገርሁም፤ የጠየቀኝ አልነበረም።

በሁለተኛው ዓመት አንደኛው ሜካኒክ ወደ ኒው ሀልፋ የእርሻ ትራክተሮች ጋራዥ ሄደና መፍቻው ለእኔ ተሰጠኝ። ኡስታ ኢድሪስ አልመረቀኝም። "አንድ ሞተር ካበላሸሽ በርሜሉ ባለበት አለ" አለኝ። ይህን ያለው ሁሉም እየሰሙ ነው።

በሳምንቱ አሮጊቷ መጣች።

አሮጊቷ ያልናት አንዲት ጥቁር የእንግሊዝ ሞተር ብስክሌት ናት። እንግሊዞች አገሩን ይዘው በነበረ ጊዜ አንድ መሐንዲስ አምጥቷት ትቷት ሄደ፤ ከዚያ ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ ሐኪም ኑርሁሴን ዘንድ ደረሰች። ሐኪም ስንለው ለክብሩ ነው፤ ከጭልጋ የመጣ የቁስል አሳሪ ነበር። ከገዳሪፍ እስከ ባሱንዳ በሰሊጥና በማሽላ እርሻ የሚውሉትን የእኛን አገር ሠራተኞች የሚያክመው እሱ ነው። ክረምት ገብቶ ዋልካው መንገዱን ሳይዘጋ የወባ መድኃኒቱን ማድረስ አለበት። ወታደሮቹ ደግሞ ከከተማው መውጫ ላይ የዓመቱን የምርመራ ማኅተም ሳያዩ ማንንም አያሳልፉም።

አሮጊቷ ዘይት ታንጠባጥባለች። ቡሎኖቿ በእንግሊዝ ልክ የተሠሩ ስለሆኑ የእኛ የጃፓን ሞተር መፍቻዎች አንዱም በትክክል አይገጥማቸውም። ታደለ በስኮርፔሎ፣ ማለት በብረት መሮ፣ እና በመዶሻ ይፈታቸው ስለነበር ዳዶዎቿ ጠርዛቸው አልቆ እንደ ሎሚ ክብ ሆነው ነበር። እኔ ከቁርጥራጭ መካከል አንድ አሮጌ መፍቻ አነሣሁና ሁለት ቀን በሞረድ ሞርጄ ለእሷ ልክ አደረግሁት። በሦስተኛው ቀን መፍቻዬን ታደለ ሣጥን ውስጥ አየሁት። "የወርሻው ዕቃ ነው" አለኝ። ሞረድ ሲያነሣ ግን አንድም ቀን አላየሁትም።

ባለፈው ዓመት አሮጊቷ በምርመራ ሁለት ጊዜ ወድቃለች። ወረቀቷ ላይ ሁለቱንም ጊዜ የተጻፈው አንድ ነው፦ "ማፊ ፈራሚል"፤ ፍሬን የለም ማለት ነው። ታደለ ሁለት ጊዜ የፍሬን ሸራ ቀየረላት። በሦስተኛው አለፈች። ታደለ ሸራውን እሱ ብቻ በሚያውቀው መንገድ እንዳሰረው ለገበያው ሁሉ አወራ። ዘንድሮ ግን ሐኪም ኑርሁሴን ሲያመጣት ታደለ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣

"አሮጊቷን ለአሮጊቷ ስጧት" አለ።

ያኔ ሠላሳ አምስት ዓመት አልሞላኝም። እሱ ግን ፀጉሩን በሂና የሚያቀላ ሰው ነበር።

ታንቡሩን፣ የፍሬኑን ከበሮ፣ ከፈትሁ። ሸራው ደህና ነበር፤ ቢሆንም ወረቀቱን አምኜ ቀየርሁት። ታንቡሩን በብርጭቆ ወረቀት ፈተግሁት፣ ገመዱን አጠበቅሁ፣ ዘይት እንዳይደርስበት የዘይት ማገጃ ጎማውን ለወጥሁ። ሐኪም ኑርሁሴን በወርሻው ፊት ነድቶ ሲረግጠው ቀጥ ብላ ቆመች። ታደለ ወስዶ ወደ ሙሩር፣ ማለትም ወደ ትራፊክ ፖሊስ ግቢ አስገባት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ወረቀቱን እያውለበለበ ተመለሰ።

"ማፊ ፈራሚል" አለ። "የሴት ፍሬን እንዲህ ነው።"

ፈታሁ፣ አየሁ፣ እንደገና ፈተግሁ፣ ገጠምሁ። ሁለተኛ ሄደች። ሁለተኛ ወደቀች። ወረቀቱ ግርጌ ላይ አዲስ ነገር ተጽፎ ነበር፦ ሦስተኛ ከወደቀች ታርጋዋ ይፈታል፣ ከዚያ በኋላ በመንገድ ላይ አትታይም።

ኡስታ ኢድሪስ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበውና ወደ በርሜሉ ተመለከተ። እኔም ገብቶኛል።

ሐኪም ኑርሁሴን ደግሞ በምሥራቅ በኩል የሚከማቸውን ደመና እያየ፣ "እህቴ፣ እኔ ስረግጣት ትቆማለች፣ እነሱ ሲረግጧት አትቆምም። ሰው ታውቃለች እንዴ?" አለኝ።

"ብረት ሰው አያውቅም፣ ሐኪም" አልሁት። "በሦስተኛው ምርመራ እኔም እመጣለሁ።"

ታደለ ይህን ሲሰማ ደስ አለው። "ራስሽ ውሰጂያት፤ ታርጋውን ይዘሽልን ትመጫለሽ" አለ።

የሙሩር ግቢ ሥርዓት ይህ ነበር። ሞተሩ ይገባል፤ ባለቤቱም ሜካኒኩም ክርክር እንዳያነሡ ከአጥር ውጭ ይቀራሉ። አጥሩ ከሰው ቁመት በላይ የጭቃ ግንብ ነው። ውስጥ አንድ ሻዊሽ፣ ማለትም ሃምሳ አለቃ፣ መብራቱን፣ ክላክሱን፣ ጎማውን፣ ካቴናውን ያያል። በመጨረሻ ራሱ ይወጣበትና ከግንቡ ሥር ተነሥቶ መሬት ላይ በኖራ እስከ ተሰመረ መስመር ድረስ ነድቶ ፍሬኑን ይረግጣል። የኋላ ጎማው መስመሩን ካለፈ ፍሬን የለም። ውጭ የቆመው ሰው የሚያየው ወረቀቱን ብቻ ነው። ታደለ ሁለት ዓመት ሙሉ ያየው ወረቀቱን ብቻ ነው።

ሐኪም ኑርሁሴን አሮጊቷን ነድቶ በሩ ላይ ሲደርስ ዘበኛው እግር ሥር ቀጥ አድርጎ አቆማት። ዘበኛው አሮጊቷን ገፍቶ አስገባና እኔን ከወንዶቹ ጋር ፀሐይ ላይ ቆሜ አየኝ።

"ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ሴት ልጅ ፀሐይ ላይ አትቆምም። ግቢ፣ ጥላ ላይ ተቀመጪ" አለኝ።

ያገሩ ሰው ጨዋነት ነው። ሜካኒክ መሆኔን ቢያውቅ አያስገባኝም ነበር፤ ሴት መሆኔን አይቶ አስገባኝ። በረንዳው ላይ፣ የመታወቂያ ጉዳይ ከሚጠብቁ ሴቶች አጠገብ፣ የኖራው መስመር ፊት ለፊት ተቀመጥሁ።

ከአሮጊቷ ፊት ሦስት የጃፓን ሞተሮች ተሰልፈው ነበር። ሻዊሽ ባቢክር የሚባለው መርማሪ ቁመተ ረጅም፣ ካኪው የተተኮሰ፣ ባርኔጣው የማይነቃነቅ ሰው ነው። የመጀመሪያውን ወጣበት፣ ነዳው፣ በቀኝ እግሩ ረገጠ፣ መስመሩ ላይ ቆመ። ሁለተኛውን በቀኝ እግሩ ረገጠ፣ ቆመ። ሦስተኛውንም በቀኝ እግሩ።

ያኔ ነው የገባኝ። ሳቄ መጣ፤ ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግሁ።

የአሮጊቷ የኋላ ፍሬን በግራ በኩል ነው። ማርሿ ነው በቀኝ ያለው። እንግሊዞቹ እንዲህ ነበር የሚሠሯቸው። ይህን ወርሻው ውስጥ ሁላችንም እናውቃለን፣ ሐኪም ኑርሁሴን ያውቃል፣ ኡስታ ኢድሪስ ያውቃል። ሁላችንም ስለምናውቅ ማንም ለማንም አልተናገረም። ሻዊሹ በቀኝ እግሩ ማርሹን እየረገጠ ፍሬን የለም ሲል፣ እኛ ደግሞ ደህናውን ሸራ ስንቀይር ሁለት ዓመት ከረምን። አምና በሦስተኛው ያለፈችውም ምስጢሩ ሸራው ላይ አልነበረም፤ ኋላ እንደ ሰማሁት ያን ቀን ሻዊሽ ባቢክር ታሞ በቦታው አንድ ጡረታው የደረሰ ፖሊስ ነበር የተተካው። እንዲህ ዓይነት ሞተር በወጣትነቱ የነዳ ሰው።

ማወቁ ቀላሉ ነው። አንድን ሻዊሽ፣ በራሱ ግቢ፣ በወታደሮቹና በስድስት ሴቶች ፊት "አንተ መንዳት አታውቅም" የሚለው ማነው? ብናገረው ያባርረኛል፤ ዝም ብል ታርጋው ይፈታል፣ እኔም ወደ በርሜሌ።

ተራዋ ደረሰ። አንድ ወታደር ሊያስነሣት መርገጫውን ረገጠ። አሮጊቷ አመል አላት፤ እጀታዋ ላይ ያለችውን፣ እሳቱን የምታዘገየውን ትንሽ ዘንግ ወደ ኋላ ሳይመልስ የረገጣትን ሰው መልሳ ትረግጣለች። ወታደሩ እግሩን ይዞ እያነከሰ ሄደ። ሌላው ወታደር ራቅ ብሎ ቆመ። እኔ ተነሣሁ። በቀሚሴ ሥር ሁልጊዜ የወንድ ሱሪ እለብስ ነበር። ዘንጓን መለስሁ፣ አንድ ጊዜ ረገጥሁ፣ ተነሣች። ሴቶቹ አንዲት እልልታ አሰሙ።

ሻዊሽ ባቢክር ቀስ ብሎ መጣ።

"አንቺ ማነሽ?"

"ሜካኒኳ ነኝ፣ ሻዊሽ።"

"እኔስ ሻይ ልታመጪ የመጣሽ መስሎኝ ነበር" አለ፤ ወታደሮቹ ሳቁ።

ሁለት ዓመት የጠላሁት ስም ያን ጊዜ ጠቀመኝ።

"እሱንም አመጣለሁ" አልሁት። "አሮጌ ናት፤ ዘይቷ ሳይሞቅ አትነዳም። እስክትሞቅ ይጠጡ።"

በሩ ላይ ካለችው ሻይ ሻጭ ሁለት ብርጭቆ ይዤ ተመለስሁ። እሱ ግንቡ ሥር ጥላ ውስጥ ቆመ፤ እኔም አጠገቡ ቆምሁ። ወታደሮቹ ከሞተሩ ድምፅ የተነሣ አይሰሙንም። ይህንም አስቤበት ነበር።

"ሻዊሽ፣ ድሮ እዚህ አገር መንገዱ በግራ ነበር ይባላል፤ እውነት ነው?"

"እንዴታ" አለ፣ ፊቱ በራ። "እንደ እንግሊዞቹ ነበርን። መንግሥት ወደ ቀኝ ይሁን ሲል እኔ ነኝ መስቀለኛው መንገድ ላይ ቆሜ ሕዝቡን ያዞርሁት። በሦስተኛው ቀን ድምፄ ጠፋ። ወላሂ፣ አህዮቹ ከሾፌሮቹ ቀድመው ነው የገባቸው።"

"ይህቺ ግን አልሰማችም።"

"ምኑን?"

"መንገዱ መዞሩን። ገና በግራዋ ናት።"

ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ ዓይኑ ወደ አሮጊቷ ሄደ። ወደ ቀኟ ጎን አየ፤ ዞረና ወደ ግራዋ ጎን አየ። ብርጭቆው ከንፈሩ ዘንድ እንደ ደረሰ ቆመ። ሻዩን ወደ ታች አወረደውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

"የትኛው ነው?" አለኝ።

"ፍሬኑ የግራው። የቀኙ ማርሹ ነው።"

"ስንት ሰው ያውቃል?"

"እዚህ ግቢ ውስጥ? እኔና እርስዎ።"

ሻዩን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው። ከዚያ ባዶውን ብርጭቆ ሰጠኝና ለግቢው ሁሉ እንዲሰማ ተናገረ፦ "ሞተር የሚያመጣ ሜካኒክ ሁሉ ስለ ሞተሩ ማስረዳት አለበት። ዝም ብሎ አጥር ሥር መተኛት የለም። ሁለት ጊዜ የጣልኋት ማን እንደሚያስረዳ ለማየት ነው። ያስረዳችው ይህቺ ብቻ ናት።"

"ተማም፣ ሻዊሽ" አልሁት፤ ልክ ነው ማለት ነው። ለዚህ መልስ ማንም አልከፈለኝም፤ ከሰጠኋቸው መልሶች ሁሉ ግን ይህኛውን እወደዋለሁ።

ወጣባት። ከግንቡ ሥር ተነሣ። ግራ እግሩን አስቀድሞ ከፍ አድርጎ እንደ ያዘ አየሁት፤ ፈርቷል። መስመሩ ጋ ሲደርስ በሙሉ ጉልበቱ ረገጠ። እኔ ደግሞ ያን ታንቡር ሁለት ጊዜ ፈትጌዋለሁ። አሮጊቷ መስመሩ ላይ ተተክላ ቀረች፤ የማይነቃነቀው ባርኔጣ ግን ብቻውን መንገዱን ቀጠለና ከመስመሩ ማዶ ወደቀ። ማንም አልሳቀም። ያነከሰው ወታደር ሄዶ አነሣው፣ አራግፎ ሰጠው።

ሻዊሹ ወረቀቱ ላይ "ፈራሚል ተማም" ብሎ ጻፈ። የሜካኒኩ ስም በሚጻፍበት ቦታ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ። እዚያ ቦታ ላይ ሁልጊዜ የታደለ ስም ነበር የሚገባው። ስሜን ነገርሁት፤ ሁለት ጊዜ አስደግሞ በትክክል ጻፈው።

ወርሻው ስንመለስ ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ነገሩን እኔ አልተናገርሁም፤ ሐኪም ኑርሁሴን ግን ሻዊሹ በግራ እግሩ እንደ ረገጠ ከዘበኛው ሰምቶ ነገሩ ገብቶት ስለ ነበር እየሳቀ ሁሉን ዘረገፈው። ታደለ ጨርቁን አነሣና እጁን ጠረገ። እጁ ንጹሕ ነበር።

"የእግሩን ነገር እኔ ነኝ የነገርኋት" አለ።

ኡስታ ኢድሪስ ከወንበሩ ሳይነሣ፣ "መቼ?" አለው።

"አምና ጀምሮ አውቀዋለሁ።"

"አምና ካወቅህ ሁለት ጊዜ ሸራ ለምን ቀየርህ?"

ሱዳናዊው ሜካኒክ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ወደ ታደለ ሣጥን ሄድሁ፣ ከፈትሁት፣ የሞረድሁትን መፍቻ አወጣሁ።

"ይህ የእኔ ነው፣ ታደለ" አልሁት። ጋሽ የሚለው ቃል ያን ቀን ከአፌ ጠፋ፤ አልተመለሰም።

ኡስታ ኢድሪስ በማግሥቱ ዕቃ መያዣ ሞርሳ ያለበትን ጠረጴዛ ሰጠኝ። ለበርሜሉ ሌላ ሰው ቀጠረ። "አበጀሽ" አላለኝም፤ እሱ የሚለው በጠረጴዛ ነው። ሐኪም ኑርሁሴን በዚያው ሳምንት መድኃኒቱን ከኋላ አስሮ ወደ ባሱንዳ ወጣ። ሲመለስ ዝናቡ መንገድ ላይ አግኝቶት፣ እሱም አሮጊቷም ከጭቃው የተነሣ የማይለዩ ሆነው ገቡ። አጠብኋት። ያንን በደስታ ነው ያጠብሁት።

ከዚያ በኋላ ሙሩር ግቢ አንድ ልማድ ሆነ፦ ከየወርሻው አንድ ሜካኒክ ገብቶ ያስረዳል። ከኛ ወርሻ የምገባው እኔ ነበርሁ። ሻዊሽ ባቢክር እንግሊዛዊ ሞተር በመጣ ቁጥር ገና ከሩቅ ያየኛል፤ እኔም በዝምታ ግራ እግሬን ትንሽ አነሣለሁ። በስድስት ዓመት ውስጥ አሮጊቷ አንድም ጊዜ አልወደቀችም። ሸራዋን የቀየርሁት አንድ ጊዜ ነው፤ ያም በእውነት አልቆ።

ይህን ሁሉ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ሰርግ ነው። በቅርቡ ጎንደር ውስጥ በአንድ ዘመድ ሰርግ ከጀርባዬ ካለው ጠረጴዛ የማውቀው ድምፅ ሰማሁ። "ገዳሪፍ እያለሁ አንድ ሻዊሽ ነበር" ይላል። ሻይ ያመጣው እሱ ነው፤ ኋላ ከእኔ የሰሙትን የመንገዱን ጨዋታ ያመጣው እሱ ነው፤ ባርኔጣው እንኳ በእሱ ተረት ውስጥ ሁለት ጊዜ ይወድቃል። የጠረጴዛው ሰው ሁሉ ይስቃል። ጥሩ አድርጎ ነው የሚያወራው፤ ይህን አልክድም። አንዱ ጎልማሳ፣ "እና ጋሽ ታደለ፣ ዘበኛው እንዴት አስገባዎት?" ብሎ ጠየቀው። ታደለ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ጠላ ጠየቀ፣ ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመረ። የሰው ሰርግ ስለሆነ ዞር አላልሁም። ሥጋዬን በላሁ። መልሱ ከላይ ተጽፏል፤ መነጽሩን አድርጎ ያንብበው።

በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁ የምለው አንድ ነው። የምርመራ ወረቀት የሚነግራችሁ መርማሪው ያገኘውን ነው፤ እንዴት እንዳገኘው ወረቀቱ ላይ አይጻፍም። ፍሬን የለም ከተባላችሁ ታንቡሩን ከመክፈታችሁ በፊት የረገጠው የትኛው እግር እንደ ሆነ ሄዳችሁ እዩ።